ሽማግሌ የተላከበት ጡረታ

ቁልፍ ይዞ ያረጀ ሰው አለ ከተባለ ዳምጠው ወልደ ሰንበት ነው። ፍቼ ሳለ የማዳበሪያ መጋዘን ቁልፍ ከወገቡ አይለይም ነበር። አዲስ አበባ ወርዶ ለአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረ፤ ተቋራጩ ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣችበት ሰሞን ጁባ ላይ ሥራ ሲያገኝ፣ ዳምጠውም ከሲሚንቶውና ከብረቱ ጋር አብሮ ተሻገረ። ተቋራጩ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመለስ እርሱ ቀረ። ቶንፒንግ በተባለው የጁባ ሰፈር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የውጭ የእርዳታ ድርጅት የሸራ፣ የብርድ ልብስና የውኃ ማጣሪያ መጋዘን ነበረው፤ ቁልፉን ለዳምጠው አስረከበው። ከተማዪቱ በተኩስ በተናወጠች ጊዜ ባልደረቦቹ በአውሮፕላን ሲወጡ፣ እርሱ «ቁልፉን ለማን ልስጥ?» ብሎ የሚረከበው ቢያጣ፣ ታቅፎት በብርድ ልብስ ክምር መካከል ሰነበተ። ይህን እንደ ጀግንነት አውርቶት አያውቅም። የሚረከብ ሰው አልተገኘም፤ ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር።

ዕቃ ሁሉ በእጁ የሚያልፍ፣ አንዱም ግን የእርሱ ያልሆነ ሰው ነበር። ትዳርን «ለመጪው ዓመት» እያለ ሲያሳድር ዕድሜው አምሳን ተሻገረ። ሎሎጎ ሰፈር ውስጥ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ የሆነች አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ምሳውን ቡሉክ ሰፈር ካለው የእትዬ አረጋሽ ምግብ ቤት ይበላል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ከደመወዙ የተረፈውን ለእናቱ ይልካል።

ይህ ሰው፣ ራሱም እምብዛም ሳያስበው፣ አንድ ጥሪት ነበረው። ድርጅቱ የውጭ አገር ሠራተኞቹን በአንድ የግል ጡረታ ፈንድ አስመዝግቦ፣ ከደመወዛቸው ጥቂት እየቀነሰ፣ ከራሱም ጥቂት እየጨመረ ለዓመታት ሲያጠራቅምላቸው ኖሯል። ዳምጠው ያን ገንዘብ እንደ ገንዘብ አይቶት አያውቅም፤ እንደ ሰማይ ቤት ዋጋ፣ አለ ተብሎ የሚታመን እንጂ የሚዳሰስ አልነበረም። ሊዳስሰው የተመኘው የፍቼው ቤት ነገር በተነሣ ጊዜ ነው።

አባቱ አቶ ወልደ ሰንበት ግንበኛ ነበሩ። የአገሩን ሰው ቤት ገንብተው ሲያበቁ፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ከየሥራው በተራረፈ ድንጋይ አቆሙ፤ አንዱ ግድግዳ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ ሆኖ የቀረው ስለዚህ ነው። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስረሳሽ በዚያ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለው ጌታቸው፣ ናዝሬት ያገባችው ሒሩት፣ ጁባ የቀረው ዳምጠው። ጌታቸው የጀመረው ቤት ከመሠረቱ አልነሣ ብሎት፣ ሒሩትም ባሏ ታሞባት፣ የአባታቸው ውርስ ተሸጦ ይከፈል ዘንድ ተስማሙ። ክፉዎች አልነበሩም፤ ቸገራቸው እንጂ። ገዢም ተገኘ፤ ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ሊያቆምበት።

«አንተ ድርሻችንን ከገዛኸን ግን» አለው ጌታቸው በስልክ፣ «ከባዕድ አንተ ትሻለናለህ። እማዬም ከጓዳዋ አትነቀልም። ብቻ ወንድሜ፣ ሰውየው እስከ ፍልሰታ መግቢያ ነው የሚጠብቀን።»

«እስከ ፍልሰታ?»

«ከዚያ ወዲያ እኔም አፍ የለኝም።»

ዳምጠው ስለ ጡረታው ማሰብ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

የፈንዱ ደንብ እንዲህ ይል ነበር፦ አባል ስድሳ ዓመት ሳይሞላው ገንዘቡን ጠቅልሎ መውሰድ የሚችለው ሥራውን ፈጽሞ የለቀቀ እንደ ሆነ ነው። ወደዚያው መሥሪያ ቤት ይመለሳል ተብሎ ከታወቀ ግን እንደ ለቀቀ አይቆጠርም፤ አለመመለሱ አንድ ዓመት ሙሉ እስኪታይ ድረስ ገንዘቡ ባለበት ይቆያል። የጁባ ሐበሻ ለዚህ ደንብ ከጥንት መላ አበጅቶለታል። «ወጣ ብሎ መግባት» ይሉታል። ሰውየው መልቀቂያ ይጽፋል፤ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ጥቂት ወር አገሩ ዘልቆ ይመለስና በአዲስ ውል ያንኑ ወንበር ይይዛል። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይናገረውም። የዚህ መላ ጉልበት ያለውም በዚህ ዝምታ ላይ ነበር።

የድርጅቱ የአስተዳደር ኃላፊ ስምኦን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዳምጠው ችግሩን ሲያዋየው በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዳምጤ፣ አንተ ልቀቅ። ክሊራንስህን ጨርስ፣ ገንዘብህን ውሰድ፣ እናትህን አሳርፍ። በመስከረም ቦታውን በአዲስ ኮንትራት እናወጣዋለን። ያን የአይጥ መንደር ካንተ ሌላ ማን ሊገባበት ነው?»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው። ግን ባንተና በእኔ መካከል!»

ዳምጠውም ለቀቀ። ቁልፉን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲወጣ ወገቡ ቀለለው፤ ቅለቱ ግን ደስ የሚያሰኝ ዓይነት አልነበረም።

የፈንዱ ቅርንጫፍ እዚያው ቶንፒንግ ነው። ጉዳዩን የያዘው ጋትሉዋክ የተባለ የአገሩ ተወላጅ ሲሆን፣ በስደት ጋምቤላ አድጎ ጅማ የተማረ፣ አማርኛውም ከብዙዎቻችን አማርኛ የጠራ ጎልማሳ ነው። ዳምጠው በሄደ ቁጥር ተነሥቶ ይቀበለዋል፤ «ጋሽ ዳምጠው፣ ወረቀትህ ደርሷል፤ በተራው ይታያል፤ ማፊ ሙሽኪላ» ይለዋል። ዳምጠው ጁባ በኖረበት ዘመን «ችግር የለም» የሚባለው ችግር ሲጀምር መሆኑን ተምሯልና፣ ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ወረቀቱ የት እንደ ደረሰ ደግሞ ይጠይቃል። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ የሎሎጎን መንገድ ወደ ጭቃ ለወጠው። ሐምሌ ተጋመሰ። ተራው አልደረሰም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ አረጋሽ ሳህኑን አነሡና እንዳልተነካ አዩ።

«ምነው ዳምጤ፣ እጄን ናቅኸው?»

«ኧረ እትዬ አረጋሽ፣ የሆድ ነገር ነው።»

«የሆድ ነገር ለሆድ አይነገርም። በል ንገረኝ።»

ነገራቸው። እርሳቸውም እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ጥቂት አሰቡ።

«ሰውየው አማርኛ ይሰማል አልኸኝ?»

«ከእኔ ይበልጣል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሽማግሌ ላክበት!»

«ጡረታ ቢሮ? ሽማግሌ?»

«ቢሮ አይደለም የሚለመነው፤ ሰው ነው። በጋምቤላ ያደገ ልጅ ሽማግሌ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ጋሽ መልከጼዴቅ እኮ ስንቱን ድንጋይ አለስልሰዋል።»

ይህ ምክር ለባዕድ ሰው እብደት ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ሰው ግን ከእርሱ የበለጠ ቀና ምክር የለም። ባል ከሚስት ሲጣላ፣ ነፍሰ ገዳይ ከሟች ቤተሰብ ሲታረቅ፣ ሙሽራ ሲጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፤ እምቢ ያለ ልብ ሁሉ በሽበት ፊት ይቀልጣል ተብሎ ይታመናል። የተዘጋ በር ያየ ሐበሻ ቁልፉ ምን እንደ ሆነ አያጣም። ዳምጠውም፣ የቁልፍ ሰው ነውና፣ አመነ።

አቶ መልከጼዴቅ የአንድ ሆቴል ባለቤት ናቸው፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው የቅዳሴ፣ እጃቸው ከዘራ የማይለየው። ከእርሳቸው ጋር የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ጋሽ ሺፋና አንድ ጆሯቸው የማይሰማው አቶ ጸጋአብ ተሰለፉ። ሽማግሌ ሲሆኑ የሰውየውን ነገር ከሥሩ ማወቅ ደንብ ነውና፣ በሆቴሉ በረንዳ ላይ ዳምጠውን አስቀምጠው መረመሩት።

«ለሽማግሌ የተደበቀ ነገር ኋላ ሽማግሌውን ያዋርዳል» አሉ አቶ መልከጼዴቅ። «ሁሉን አውጣ።»

ሁሉን አወጣ። የፍቼውን ቤት፣ የወንድምና የእኅቱን ችግር፣ መልቀቁን፣ የስምኦንንም ቃል ነገራቸው። የስምኦንን ነገር ሲናገር «ይህችን ነገር እንኳ እዚያ ባታነሷት» ለማለት አፉን ከፈተ። ነገር ግን ሽማግሌን ይህን በል፣ ያን አትበል ማለት ነውር ሆኖ ታየው። «እነርሱ አይጠፋቸውም» ብሎ ዋጠው።

«ድንጋይ በጫንቃችን እንሸከም ወይስ እንዲያው እንሂድ?» ጠየቁ ጋሽ ሺፋ፣ ዓይናቸው እየሣቀ።

«ቶንፒንግ ድንጋይ ይዞ የሚገባ በጥበቃ ይተኮስበታል፤ እንዲያው እንሂድ!» አሉ አቶ መልከጼዴቅ።

«ምን አላችሁ?» አሉ አቶ ጸጋአብ።

«ድንጋይ ይቅር አልን!»

«ደግ። ወገቤም አይችል።»

በማግሥቱ ማለዳ ነጭ ጋቢ ለብሰው ሦስቱም በጡረታው ቢሮ በር ተገኙ። ዳምጠው ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። የበሩ ጥበቃ መመርመሪያውን በላያቸው ሲያሳልፍ የአቶ መልከጼዴቅ ከዘራ ጮኸ፤ የጫፉ ብረት ነበር። ጥበቃው ከዘራው ውጭ ይቅር ሲላቸው አልሰማ አሉ፤ «ያለ ከዘራ ሽምግልና የለም» ብለው ገተሩ። ጋትሉዋክ ጩኸቱን ሰምቶ ራሱ ወጣ። ሦስቱን ባለ ጋቢ ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ፤ ከመደንገጥም ከመደሰትም የተቀላቀለ ነገር ታየበት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

«አባቶቼ! ምን እግር ጣላችሁ? ግቡ፣ ግቡ።»

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። ወንበር ተስቦላቸው ቆመው ቀሩ።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አቶ መልከጼዴቅ።

ጋትሉዋክ ፈገግ አለ። «አውቃለሁ። ጋምቤላ አባቴ ለአጎቴ ልጅ ሽማግሌ ሲላክ አብሬ ቆሜ አይቻለሁ። ግን እናንተ ከቆማችሁ እኔም መቀመጥ አልችልም፤ ቢሮዬ ደግሞ ጠባብ ነው። ስለ እኔ ብላችሁ ተቀመጡ።»

ይህ ጨዋነት አሸነፋቸውና ተቀመጡ። ዳምጠው በሩ አጠገብ ቆመ፤ ሽማግሌ የተላከለት ሰው አፍ የለውም፤ ይህም ደንብ ነው።

አቶ መልከጼዴቅ ጀመሩ። ከእግዚአብሔር ስም ተነሥተው፣ በሁለቱ ሕዝቦች ጉርብትና አልፈው፣ ስደት ማንንም እንደማይምር አስታውሰው፣ ወደ ወይዘሮ አስረሳሽ ደረሱ። እናት በስተርጅና ከጓዳዋ ስትነቀል እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ሲናገሩ የቢሮው አየር ማቀዝቀዣ እንኳ ድምፁን የቀነሰ መሰለ። ጋሽ ሺፋ በየመካከሉ «አላህ ያሳያችሁ» ይላሉ፤ አቶ ጸጋአብ ያልሰሙትንም ሰምተው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ጋትሉዋክ ከልቡ ያዳምጥ ነበር። ብዕሩ በእጁ ነው፤ የዳምጠው ወረቀትም ከፊቱ ተዘርግቷል። ዳምጠው ከበሩ ሆኖ ያን ብዕር ሲያይ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ ተሰማው።

«አባቴ» አለ ጋትሉዋክ ሲጨርሱ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ? ደንብ አይደለም፤ እንዲያው እንደ ልጅ። ጋሽ ዳምጠው ይህን ገንዘብ ለቤቱ ከሰጠ፣ በእርጅናው ዘመን ምን ይበላል? ሥራውን እንደ ሆነ ለቋል። ይህ ነው የሚያሳስበኝ።»

ቅን ጥያቄ ነበር። አሳቢ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበር። ክፋቱም ይኸው ቅንነቱ ሆነ። አቶ መልከጼዴቅ የላካቸውን ሰው ራቁቱን የቀረ ድኻ አስመስለው ሊያቀርቡ አልወደዱም፤ የሽማግሌ ክብር የተለመነለትን ሰው ክብር መጠበቅ ነው። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ።

«አይዞህ ልጄ! ዳምጠው እኮ ባዶ እጁን አልቀረም። በመስከረም ወደ ሥራው ተመልሶ ይገባል፤ ቃል ተገብቶለታል! አይቸገርም። ለዚህም ሦስታችን ዋስ ነን።»

«ወላሂ ዋስ ነን» አሉ ጋሽ ሺፋ።

«ዋስ ነን» አሉ አቶ ጸጋአብ፤ ይህችን ቃል በየትኛውም ጆሮ ይሰሟታል።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ዳምጠው ግን አወቀው። ከበሩ አጠገብ አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደ። ምን ሊል? «ሽማግሌዎቼ ዋሽተዋል» ይበል? እውነት ነው የተናገሩት። «ይህን አልሰማህም በለኝ» ይበል? በሦስት ሽበት ፊት ሌላውን ዋሽ ብሎ መለመን ማን ይደፍራል? ያችን አንድ እርምጃ ራምዶ ቆመ፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመለሰ።

ጋትሉዋክ ብዕሩን በጠረጴዛው ላይ አኖረ። በጣም ቀስ ብሎ ነው ያኖረው። ወረቀቱን ተመለከተ፤ ቀጥሎ ዳምጠውን ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«አባቶቼ» አለ፣ «ሰምቻለሁ።»

አቶ መልከጼዴቅ ፊታቸው በራ። በእኛ አገር ቋንቋ ለሽማግሌ «ሰምቻለሁ» ማለት «ልመናችሁን ተቀብያለሁ» ማለት ነው፤ ጠላት እንኳ ይህን ካለ ነገሩ አለቀ። ተነሥተው አቀፉት፤ መረቁት፤ «ልጅ ይውጣልህ፣ ሹመት ያዳብርህ፣ አገርህን ሰላም ያድርግልህ» አሉት። ጋሽ ሺፋ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ጋትሉዋክ ራሱን ደፍቶ ምርቃቱን ተቀበለ። ዳምጠው ግን ያን ቃል በሌላኛው ፍቺ ሰምቶታል። ሰውየው ያለው ይኸው ብቻ ነው፤ ሰምቷል።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ምሳ ይጋበዛል። ይህም ደንብ ነው፤ የማይቀር። እትዬ አረጋሽ ዶሮ ሠርተው ጠበቁ፤ አቶ መልከጼዴቅ እንዴት እንደ ተናገሩ ሁለት ጊዜ ደግመው ተናገሩ፤ ጋሽ ሺፋ ያን የከዘራ ነገር እየጨመሩ አሳመሩት። ዳምጠው ቆሞ አስተናገደ፤ አጎረሳቸው፤ ሲመርቁት «አሜን» አለ።

«ፊትህ ግን አልፈታ አለ» አሉት እትዬ አረጋሽ በጓዳ በኩል።

«ደስታ ሲበዛ እንዲህ ነው እትዬ አረጋሽ።»

«አይ አንተ! ደስታ አይለምድህ?»

በማግሥቱ ጋትሉዋክ ራሱ ደወለለትና ከቢሮው ውጭ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተገናኙ። ሻዩ ዝንጅብል የበዛበት ነበር። ሁለቱም አልጠጡትም።

«ጋሽ ዳምጠው፣ አንተ ስትከፈል እኔ የምፈርመው ቃል አለ። ‹እኔ እስከማውቀው ድረስ ይህ ሰው ወደ ሥራው አይመለስም› እላለሁ፤ በስሜ። እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ አላውቅም ነበር።»

«ትጠረጥር ነበር ግን።»

«ጥርጣሬ ዕውቀት አይደለም። ጥርጣሬን እኔም እንደ ማንም ሰው እውጣታለሁ፤ ስንቱን ሐበሻ ውጬለታለሁ። በዚህ ሳምንት ልፈርምልህ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስት አባቶች ቢሮዬ መጥተው፣ በሚገባኝ ቋንቋ፣ ዋስ ሆነው ነገሩኝ። ከአሁን በኋላ አልሰማሁም ብል እነርሱን ውሸታም ማድረጌ ነው፤ እኔም በሐሰት መፈረሜ ነው። በአስተርጓሚ ቢሆን ኖሮ… አስተርጓሚ አንዳንዴ ይረሳል። እኔ ግን ገባኝ።»

«እና ምን ይሆናል?»

«ደንቡን ታውቀዋለህ። ዓመት። ገንዘቡ የትም አይሄድም፤ ይጠብቅሃል።»

«እርሱ ይጠብቀኛል» አለ ዳምጠው፤ «ቤቱ ግን አይጠብቀኝም።»

ጋትሉዋክ የሻዩን ሒሳብ ከፈለ፤ ሊሰናበት ሲነሣ ትከሻውን በትከሻው ነካው፤ እንደ ሐበሻ ሰላምታ።

ፈንዱ እንደ ሥርዓቱ መሥሪያ ቤቱን ጠየቀ፤ ነገሩም ስምኦን ዘንድ ደረሰ። ዳምጠው ደጋግሞ ሲደውል፣ ስምኦን ስልኩን ያነሣው በሦስተኛው ቀን ነው።

«ስሜ ተነሣ እኮ ዳምጤ! ስሜ! ቃል ገባ የተባለው ማነው ብለው ከላይ ጠየቁኝ።»

«እኔ አልተናገርሁም ስምኦን።»

«ማን ተናገረ ታዲያ?»

«ሽማግሌዎቹ።»

«ሽማግሌ?» አለ ስምኦን፤ «ጡረታ ፈንድ ሽማግሌ ላክህ?» ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «አሁን ቦታውን ላወጣው አልችልም። በጀትም እየቆረጡ ነው፤ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። ይቅርታ ወንድሜ። ለጊዜው አትደውልልኝ።»

ዳምጠው የሎሎጎዋን ቆርቆሮ ክፍል በር ዘግቶ ተቀመጠ። ሊቆጣ ፈለገ፤ የሚቆጣበትን ሰው ግን አላገኘም። ስምኦን ቃሉን ያጠፈው ፈርቶ ነው። ጋትሉዋክ ሰው ሆኖ ነበር፤ እውነተኛ ሰው። ወንድሙና እኅቱ ቸገራቸው። እትዬ አረጋሽ የመከሩት በፍቅር ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሆኑ ለእርሱ ብለው በስተርጅና ጭቃ ረግጠው ሄደዋል። ያጠፋ ሰው የለም፤ ጥፋቱ ግን በእርሱ ላይ ወድቆ ተቀምጧል። ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር፤ የሚወቅሰው ማጣት።

አቶ መልከጼዴቅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ያዙት።

«ዳምጠው! አለቀልህ አይደል?»

ሰዎች ከበዋቸው ነበር። ሽማግሌው በብዙ ሰው ፊት ነው የጠየቁት፤ እንዲሰማላቸው። ዳምጠው እውነቱን ቢናገር፣ እኒህ ሰው ከዚያ ወዲያ ለማንም ሽማግሌ መሆን አይችሉም። በፊታቸው ላይ ያየው ኩራት የልጅ ኩራት ይመስል ነበር።

«አለቀ አባቴ» አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አላልኋችሁም?» አሉ አቶ መልከጼዴቅ ወደ ሰዉ ዞረው።

የጌታቸው ስልክ ፍልሰታ ሊገባ በቀረበት ሰሞን መጣ። ዳምጠው እንዳልተሳካለት ነገረው። «ሞክረሃል ወንድሜ» አለው ጌታቸው፤ ያ ቃል ከወቀሳ ይልቅ አንገበገበው። ገዢው ፈረመ። ድንጋዮቹ ከመፍረሳቸው በፊት ወይዘሮ አስረሳሽ ዕቃቸውን ማሰር ነበረባቸው፤ ያሰሩትም በሁለት ከረጢት አለቀ።

ዳምጠው ያልከፈለውን የቤት ኪራይ እንዲታገሠው አከራዩን ለምኖ በሚመለስበት መንገድ ላይ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች ጭቃ እየረጩ ሲያልፉ፣ እናቱ ደወሉ።

«ልጄ፣ ደህና ነህ? ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ እማዬ። አንቺስ?»

«እኔማ ምን ይለኛል። ናዝሬት ሒሩት ዘንድ ልሄድ ነው፤ ለአራት ወር። ከዚያ ጌታቸው፣ አራት ወር። ተስማምተው ተራ አውጥተዋል።» ሳቁ። «እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ልዞር ነው እንግዲህ። ምንም አይደል፤ ጽዋ ቢሆንም በክብር ነው የሚዞረው።»

ዳምጠው ከመንገዱ ዳር ቆመ።

«ታዲያ» አሉ ወይዘሮ አስረሳሽ፣ «ሦስተኛው ተራ ያንተ ነው ብለዋል። እኔም ‹ይሁን፣ ዳምጠውን ሳላየው ስንት ዘመን› አልሁ። ያ ያለህበት አገር ለአሮጊት ይሆናል?»

«ይሞቃል እማዬ። በጣም ይሞቃል።»

«ሙቀቱማ ለቁርጥማቴ ደግ ነው። ክፍል አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«ሥራህስ? እኔ ብመጣ አላስቸግርህም?»

አንድ ቦዳ በአጠገቡ አልፎ ሱሪውን በጭቃ ረጨው። ዳምጠው ቁልቁል ጭቃውን ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ ሰማዩ፣ ዝናብ ይዞ ወደ ከበደው ሰማይ።

«ዳምጠው? ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ እማዬ።»

«እሺ በለኝ እንጂ።»

«እሺ» አለ።